ውሻው አይተውንም

ስሜ በፊልሙ ላይ እንዳይጻፍ ለምኜ ነበር። ፕሮዲውሰሩ ሳቀብኝ። «ሌላው ስሜ አንሶ ተጻፈ ብሎ ይጣላኛል፣ አንተ ጭራሽ አይጻፍ ትላለህ?» አለኝ። ያን ቀን ምክንያቴን አድበስብሼ አለፍኩ። እውነቱ ግን ማፈሬ ነው። ስለ ኃይሌ ገሪማ ፊልሞች በየካፌው ሳወራ፣ በየውይይቱ «የእኛ ሲኒማ ቁም ነገር ጎደለው» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ሲኒማ ቤት የደረሰው ሥራዬ ግን ሶፋ ላይ የሚሸና ቡችላ ያለበት የቤተሰብ ኮሜዲ ሆነ። ጓደኞቼ ፖስተሩን ሲያዩ ምን እንደሚሉ አውቀው ነበር፤ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ ነበር የምለው።

በዚህ ነገር ግን ከእኔ እጅግ የሚበልጥ ሰው ቀድሞኛል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1992 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረውን «ቤትሆቨን» የተባለ የውሻ ፊልም ደራሲዎች ስም ብትፈልጉ ሁለት ሰዎች ታገኛላችሁ፤ ኤሚ ሆልደን ጆንስ እና ኤድመን ዳንቴስ። ኤድመን ዳንቴስ የአሌክሳንደር ዱማ ልብ ወለድ ሰው ነው፤ ያለ ጥፋቱ ታስሮ፣ ከእስር አምልጦ፣ የሞንቴ ክሪስቶ ባላባት ተብሎ የሚመለሰው። ከዚህ ስም ጀርባ የነበረው ጆን ሂዩዝ ነው፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ «ሆም አሎን»ን ጽፎ ዓለሙን ሁሉ ያሳቀው። ያንን የብዕር ስም በኋላም በሌሎች ፊልሞች ላይ ተጠቅሞበታል። ምክንያቱ የራሱ ነው። እኔ ግን ይህን ባነበብኩ ሰሞን ራሴን ከጆን ሂዩዝ ጎን አስቀምጬ ስኩራራ ከረምኩ። ስም በመደበቅ ብቻ!

«ቤትሆቨን»ን ያየሁት በልጅነቴ ነው፤ ከሰፈራችን ቪዲዮ ማከራያ ለአንድ ማታ በተከራየነው፣ ምስሉ መስመር መስመር በሚል ካሴት። ታሪኩ ቀላል ነው። ከእንስሳት መሸጫ ሱቅ በሌቦች የተሰረቀ የሴንት በርናርድ ቡችላ ያመልጥና የኒውተን ቤተሰብ ቤት ሾልኮ ይገባል። ሦስቱ ልጆች ይወዱታል። ትንሿ ልጅ የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ መነሻ ፒያኖ ላይ ስትነካ አብሮ ስለጮኸ በሙዚቀኛው ስም ይጠሩታል። አባትየው ጆርጅ ግን ውሻ የሚባል አልፈልግም ይላል። የጆርጅ መተዳደሪያ የቤት ሽታ የሚያጠፋ ኤር ፍሬሽነር አምርቶ መሸጥ ነው፤ ደራሲዎቹ ይህን ሥራ የሰጡት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ቡችላው አድጎ የጥጃ ያህል ይሆናል፤ መኝታ ቤት ገብቶ ጭቃውን ያራግፋል፣ ለሃጩን በሰውየው ልብስ ላይ ያዝረከርካል። በመጨረሻ ደግሞ አንድ ክፉ የእንስሳት ሐኪም ጥይት ሊሞክርበት ይፈልገዋል።

አሜሪካኖቹ ጆርጅን የጻፉት እንደ ነጭናጫ አባት ነው፤ ፊልሙ እሱን ለማለሳለስ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። የእኛ ሳሎን ውስጥ ግን ጆርጅ በዚያ ቤት ያለው ብቸኛ ጤነኛ ሰው ነበር። እኛ ዘንድ ውሻ የሚኖረው ግቢ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ የተረፈ እንጀራ ይበላል፣ ሌባና ጅብ ይጠብቃል። ቤት ውስጥ ብቅ ካለ ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ ይባረራል። እንግዲህ ያን የሚያክል ፍጡር አልጋ ላይ ወጥቶ የተኛ ሰው ሲልስ ስናይ እናቴ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ፊልም ብዙም የማይወደው አባባ ደግሞ ጋዜጣውን አጥፎ፣ «ሰውዬው ምን አጠፋ? እውነቱን እኮ ነው!» አለ። እስከ መጨረሻው አብሮን አየ። ጆርጅ በተቃጠለ ቁጥር አባባ ትከሻው እስኪነቃነቅ ይስቅ ነበር። ውሻውን ልብ ብሎ ያየው አይመስለኝም።

ዓመታት አልፈው «ልጆችም ወላጆችም የሚያዩት ኮሜዲ ጻፍልን» ስባል መጀመሪያ የመጣልኝ ያ ማታ ነው። የእኔ ታሪክ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ስለሆነ አባት ነበር። ልጁ ነጭ ቡችላ ይዛ ትመጣለች፤ ቤት ውስጥ ይደር ትላለች፤ አባት ሞቼ ነው ቆሜ ይላል። ይኸው ነው። ታሪኩ ቀጭን መስሎ ስለታየኝ በየገጹ ቀልድ አጨቅኩበት። አባትየው ለቡችላው ስለ ክፍልፋይ ያስተምራል፣ ስለ ኑሮ ውድነት ያማርረዋል፣ በተረት ይሰድበዋል። ስጽፍ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ቀረጻው ሲጀመር ቡችላው ይተኛል በተባለበት ይሮጣል፣ ይሮጣል በተባለበት ይተኛል። ዳይሬክተሩ «አክሽን!» ባለ ቁጥር ካሜራ ማኑ እግር ላይ ይጠመጠማል። አሠልጣኝ የሚባል ነገር አልነበረንም። የነበረን የጥበቃው የእህት ልጅና በፌስታል የተያዘ ጥብስ ነው፤ ጥብሱንም ከቡችላው ይልቅ የመብራት ልጆች እየጨረሱት እንደሆነ ዘግይቶ ታወቀ። እኔ በበኩሌ ማታ ማታ የውሻ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ማንበብ ያዝኩ። ሰው ስለ ሙያው መማር ያለበትን ነገር ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ያፈርኩበት ቦታ።

ካርል ሉዊስ ሚለር የሚባል የእንስሳት አሠልጣኝ ነበር። በ1983 የወጣውን «ኩጆ» የተባለ አስፈሪ ፊልም ውሾች ያሠለጠነው እሱ ነው። «ኩጆ» ላይ አንድ ያበደ ሴንት በርናርድ እናትና ልጅን መኪና ውስጥ ከቦ ያስጨንቃል። እንግዲህ የሠሪዎቹ ጣጣ ምን ነበር መሰላችሁ? ውሾቹ ደስ ብሏቸዋል። መኪናው ላይ መዝለል ለእነሱ ጨዋታ ነው፤ ምግብም ይገኝበታል፤ ስለዚህ ጭራቸውን ይወዘውዛሉ። ጭራው በካሜራ እንዳይታይ ማሰር ግድ ሆነ። ተመልካቹን ያርበደበደው በአፉ ዙሪያ የተቀባው የውሸት አረፋ፣ በኋላ የተጨመረው ድምፅ፣ የኤዲተሩ መቀስና ከሁሉ በላይ መኪናው ውስጥ ያለችው የተዋናይዋ የዲ ዋላስ ፊት ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ይኸው ሚለር ያንኑ ዝርያ ይዞ «ቤትሆቨን»ን ሠራ። በአንዱ ፊልም ሰው ሲኒማ ቤት ውስጥ ጮኸ፣ በሌላው ልጆች «እኛም ይገዛልን» አሉ። ውሾቹ በሁለቱም ፊልም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ምግብ ወደያዘው ሰው መሄድ።

ውሻ አይተውንም ማለት ነው። ይህን ነገር ከተቀበሉ በኋላ የቀረው ሁሉ የሰው ሥራ ይሆናል። «ማርሊ ኤንድ ሚ» በተባለው የ2008 ፊልም ማርሊ አንድ ውሻ ነው ብለን ያለቀስንለት በ22 ውሾች የተሠራ ነው። እንግሊዝ አገር ለተቀረጸው የ1996ቱ «101 ዳልሜሽያንስ» ከ200 በላይ ቡችሎች ተሰብስበዋል፤ ቡችላ በሳምንታት ውስጥ መልኩም መጠኑም ስለሚለወጥ ዛሬ የተቀረጸው በሚቀጥለው ወር ሌላ ውሻ ሆኖ ይገኛል። በመሐል በጂም ሄንሰን ወርክሾፕ የተሠሩ በማሽን የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊት ውሾች ይገባሉ። ተመልካቹ አንድ ደቂቃ «ሲያሳዝን!» ከሚልበት ትዕይንት ጀርባ ጎንበስ ብሎ፣ ሥጋ በእጁ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቅ ሰው አለ። የእሱን ስም የሚያነበው የለም፤ አዳራሹ መብራት ሲበራለት ሁሉም ወደ በሩ ነው።

የቤትሆቨን ዋና ውሻ ክሪስ ይባላል። ባለቤቱ ኤሌነር ኪተን ነበረች፤ የበስተር ኪተን ሚስት የነበረችው። በስተር ኪተን በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር ስሙ የሚነሳ ኮሜዲያን ነው። ሰዎች «ታላቁ የድንጋይ ፊት» ይሉት ነበር፤ ምንም ይምጣ ምን አይስቅም፣ አይደነግጥም። በ1928ቱ «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» የቤት ግድግዳ እንዳለ ሲወድቅበት በመስኮቱ ክፍት ቦታ ተርፎ ቆሞ ይቀራል፤ ግድግዳው እውነተኛ ነበር፣ ስህተት ቢፈጠር ይገድለው ነበር። ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም። በስተር ኪተን በ1966 ሞተ። ሚስቱ ከዚያ በኋላ ሴንት በርናርድ ውሾች ስታረባ ኖረች፤ ከእነሱ አንዱ ነው «ቤትሆቨን» ላይ የምናየው። ይህን ሳነብ ካሴቱን ያየንበት ማታ ፊቴ ላይ መጣ፤ አባባን ያሳቀው ውሻው ሳይሆን እንደ በስተር ኪተን ያለ የማይስቅ ፊት እንደነበረ ገባኝ።

ጆርጅን የተጫወተው ቻርልስ ግሮዲን ነው። ግሮዲን የሚያስቀው የማይስቅ በመሆኑ ነው። አልጋው ላይ ሲላስ ሚስቱ መስላው ዓይኑን ጨፍኖ ደስ ይለዋል፤ ዓይኑን ሲገልጥ የውሻ ምላስ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ተዋናይ ቢሆን ጮኾ፣ ዘሎ፣ ወድቆ ያሳየናል። የግሮዲን ፊት ግን በዝግታ ነው የሚቃጠለው። ክብሩን ሊጠብቅ ይሞክራል፤ ፊልሙ ደግሞ ያቺኑ ክብሩን በየደቂቃው ቆርጦ ይወስድበታል። አባባ ያወቀው ይህንን ነው። ቤቱን ያቀናው እሱ፣ ምንጣፉን የገዛው እሱ፣ የማይሰማውም እሱ።

በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ አንድ ቦታ አለች። ክፉው ሐኪም ውሻው ነከሰኝ ብሎ በሐሰት ከስሶ ይገደል ይላል፤ ጆርጅም ውሻውን ይዞት ይሄዳል። የልጅነቱን ያነሳል፤ የገዛ አባቱ እንዲሁ ውሻውን ወስዶ እንዳስገደለበት፣ በዚህም አባቱን ይቅር እንዳላለው፣ አሁን የገዛ ልጆቹ እንዲሁ እንዳይጠሉት እንደሚፈራ ይናገራል። ኮሜዲው እዚያ ላይ ጥቂት ይቆማል። እስከዚያ ድረስ ስለ ምንጣፍ የሚነጫነጭ ሰው ያየን መስሎን ነበር። እኔ በልጅነቴ ይህችን ቦታ አላስታውሳትም፤ ምናልባት ወደ ሽንት ቤት ሮጬ ይሆናል፣ ምናልባት ውሻው ስለማይሠራባት አልፌያት ይሆናል። ያለ እሷ ግን ፊልሙ ቆሞ አይሄድም።

ወደ እኛ ቀረጻ ልመለስ። አባትየውን የሚጫወቱት በመድረክ ላይ ያረጁ ተዋናይ ነበሩ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ጠዋት ስክሪፕቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይቺን ንግግር አውጣልኝ።»

«የቷን ጋሼ?»

«ይቺን የክፍልፋይዋን። የተረቷንም። እንደው ይህን ገጽ በሙሉ።»

ደሜ ፈላ። በጣም የምወደው ገጽ ነው። «ጋሼ፣ ሕዝቡ የሚስቀው እዚህ ላይ እኮ ነው» አልኩ።

«ውሻው የእኔ ወንበር ላይ ተኝቷል አይደል? እኔ ቆሜያለሁ። ወንበሬ ነው። ታዲያ ምን አወራለሁ? ልየው። ዝም ብዬ ልየው፤ ከዚያ ዱካዋን ስቤ ልቀመጥ።»

ዳይሬክተሩ እንደፈለጉ ይሁን አለ። እኔ አኩርፌ ከመኪናው ኋላ ሄድኩ። ቡችላው በዕለቱ ደክሞት ነበር፤ እውነተኛ እንቅልፉን ወንበሩ ላይ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ጋሼ ገቡ። ኮታቸውን አወለቁ። ወንበሩን አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ኮታቸውን መልሰው ለበሱ፤ ዱካዋን ሳቡና ጎንበስ ብለው ተቀመጡ፤ ልክ ሰው ቤት በእንግድነት እንደመጣ ሰው። ድምፅ የሚቀዳው ልጅ የማይክሮፎን ዘንጉን እንደያዘ ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ አየሁት። ሳቁን ይዞ ነው።

ፊልሙ ሲመረቅ አዳራሹ ውስጥ በስተኋላ ተቀመጥኩ። የጻፍኳቸው ቀልዶች ሲመጡ ሕዝቡ እንደ ጨዋ ሰው ፈገግ ይላል፤ አንዳንዶቹን ጭራሽ አልሰማቸውም፣ ፈንዲሻ ይበላል። ኮቱ ተመልሶ ሲለበስ ግን ሲኒማ ቤቱ ተናጋ። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ሚስታቸውን በክርናቸው እየነኩ «እኔን ነው፤ እኔን እኮ ነው!» ይሉ ነበር። ቀናሁ። ጋሼ ላይ ቀናሁ፣ በተኛው ቡችላ ላይ ሳይቀር ቀናሁ። ያን ማታ አዳራሹን በደንብ ያሳቀው እኔ ያልጻፍኩት ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮሜዲ ስጽፍ መጀመሪያ የምጠይቀው ነገር ተለውጧል፤ ምን ያስቃል ብዬ አልጀምርም፣ በዚህ ክፍል ውስጥ ወንበሩን የሚያጣው ማን ነው ብዬ እጀምራለሁ። ስሜም መጨረሻ ላይ ተጽፏል፤ ከቡችላው ስም በታች። የጻፈው ኤዲተር ሆን ብሎ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ተቺዎች ለእንደዚህ ዓይነት ፊልም ብዙ ቀለም አያባክኑም። «ቤትሆቨን» ሲወጣም ከተቺዎቹ ያገኘው አቀባበል ቢበዛ ለብ ያለ ነበር። በ18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ በአሜሪካ ብቻ ወደ 57 ሚሊዮን፣ በዓለም ዙሪያ ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በ1993 ሁለተኛው ክፍል መጣ፤ ግሮዲንም፣ ሚስቱን የተጫወተችው ቦኒ ሀንትም ነበሩበት፤ ከዘፈኖቹ አንዱ ለኦስካር እስከመታጨት ደረሰ። ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ ግን ሁለቱም የሉም፤ ፊልሞቹም ሲኒማ ቤት ሳይደርሱ በቀጥታ በቪዲዮ ወጡ። እንዲህ እየተባለ እስከ 2014 ድረስ ስምንት ፊልም ተቆጠረ። ሰባተኛውን ወይም ስምንተኛውን የሚያስታውስ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሴንት በርናርድ ውሻ አልጠፋም፤ የጠፋው ውሻውን የሚያየው ሰው ነው። ግሮዲን በ2021 በ86 ዓመቱ ሲሞት ብዙዎች መጀመሪያ ያነሱለት ከሮበርት ዲ ኒሮ ጋር የሠራውን «ሚድናይት ረን» ነበር። ትልቅ ፊልም ነው፣ አልክድም። እኔ ግን የቆምኩት ከጆርጅ ጎን ነው።

የ«ቤትሆቨን» ዳይሬክተር ብራያን ሌቫንት ከአሥር ዓመት በኋላ «ስኖው ዶግስ»ን ሠራ። ኦስካር ያገኘው ኩባ ጉዲንግ ጁኒየር ከማያሚ ወደ አላስካ የሚሄድ የጥርስ ሐኪም ሆኖ ከበረዶ ላይ ተሳቢ ውሾች ጋር ይታገላል። ማስታወቂያው ላይ ውሾቹ እንደ ሰው ያወራሉ። ልጆች ይህን አይተው ሲገቡ ውሾቹ የሚያወሩት በአንዲት የሕልም ትዕይንት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ተቺዎች ፊልሙን አብጠለጠሉት፤ ገንዘብ ግን አመጣ። ለእኔ ይህ ከወንጀል የሚቆጠር ነው፤ ልጅን ቲኬት አስቆርጦ ማታለል። ውሻ ካወራማ ምኑ ውሻ ሆነ? አዋቂ ሰው በሚያፍርበት ቦታ ውሻው ዝም ማለቱ አይደል እንዴ የሚያስቀው።

በምረቃው ማታ አንድ ሌላ ነገር ሆኗል፤ ከሳቁ ይልቅ አብሮኝ የከረመው እሱ ነው። በሩ ላይ ሁለት ልጆች የያዘች እናት አስቁማ አመሰገነችኝ፤ ከዚያ «እንዲህ ዓይነቱ ነጭ ቡችላ የት ነው የሚሸጠው? ልጆቹ አላስቆም አላስቀምጥ አሉኝ እኮ» አለች። አላውቅም ብዬ ሳቅኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ማንበብ ያዝኩ።

ሃል ሄርዞግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የውሻ ምዝገባ መዛግብትን አገላብጧል። ዲዝኒ የ1961ዱን የዳልሜሽያን ካርቱን በ1985 እንደገና ሲኒማ ቤት አወጣው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ኬኔል ክለብ የተመዘገቡት አዳዲስ ዳልሜሽያኖች 8 ሺህ 170 ነበሩ። በ1993 ቁጥሩ 42 ሺህ 816 ደረሰ። ከዚያ ተገለበጠ፤ ሰው ዝርያውን ተወው። ዳልሜሽያን በጥንት ጊዜ ከሠረገላ ጎን እንዲሮጥ የተረባ ውሻ ነው፤ ካልሮጠ ቤት ያፈርሳል። ከፊሎቹም መስማት የተሳናቸው ሆነው ይወለዳሉ። ነጠብጣቡን አይቶ የገዛው ቤተሰብ ይህን ፊልሙ ላይ አላየም። የ1996ቱ ፊልም ሲመጣ የእንስሳት ተቆርቋሪዎች አስቀድመው ቢጮኹም ብዙ ውሾች አድገው ሲያስቸግሩ መጠለያ በር ላይ ተጣሉ።

ሄርዞግ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ2014 ባወጣው ሌላ ጥናት ውሻ ያለባቸው 87 የአሜሪካ ፊልሞች ታይተዋል። አንድ የተወደደ ፊልም በዝርያው ፍላጎት ላይ ያለው ግፊት እስከ 10 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። በ1959 «ዘ ሻጊ ዶግ» ከወጣ በኋላ ጸጉራሙ የእንግሊዝ እረኛ ውሻ ምዝገባ ወደ 100 እጥፍ አድጓል። የሚገርመው፣ «ቤትሆቨን» ላይ ክፉውን ሐኪም የተጫወተው ዲን ጆንስ የዚያ ፊልም ተከታይ ላይ በ1976 ዋናው ተዋናይ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ በዲዝኒ ፊልሞች ደግ ሰው ሆኖ ከእንስሳት ጋር ሲጫወት የኖረ ሰው በስተርጅና ውሻ ገዳይ ተደረገ።

ሴንት በርናርድ በስዊዘርላንድና በጣልያን ድንበር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 469 ሜትር ላይ በሚገኝ መተላለፊያ መነኮሳት ያረቡት የበረዶ ውሻ ነው። ባሪ የተባለው አንዱ ከ40 በላይ ሰዎች አድኗል ይባልለታል፤ አስከሬኑ በርን ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ይህ ዝርያ በአንድ ዓመቱ ከ50 ኪሎ ያልፋል፣ ሙቀት አይወድም፣ ዕድሜውም ከሌሎች ውሾች ያጥራል። ፊልም ላይ ለሃጩ ያስቃል። ቤት ውስጥ ለሃጩን የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ዘወትር «ይገዛልን» ያለው ልጅ አይደለም።

ስለ እኛ ቡችላ ጠይቄ ነበር። ቀረጻው እንዳለቀ ለአንድ ሰው ተሰጠ፣ ያ ሰው ለሌላ ሰጠው። አሁን ትልቅ ነጭ ውሻ ነው፤ በከተማው ዳር አንድ መጋዘን ይጠብቃል። ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል። ሄጄ አየሁት፤ አላወቀኝም፤ ጮኸብኝ። ጥበቃው ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ምግቡን ይበላል፣ አልታመመም፣ ጎበዝ ነው አለኝ። ይህ ውሻ በአንድ ወቅት በከተማው ትልልቅ አዳራሾች ውስጥ ወንበር ላይ ተኝቶ ሰው እንዳሳቀ ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀ፤ እየቀለድኩ መስሎታል። ጋሼን ለማሳቅ ብዬ ይህን ስነግራቸው አልሳቁም። «ከሥራው በኋላ የት ይሂድ ብለን ውል ውስጥ እናስገባው ነበር» አሉ፤ ስለ ሰው እንደሚያወሩ። አሁን እንስሳ ያለበት ነገር ስጽፍ ይህን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ለፕሮዲውሰሩ እጽፋለሁ፤ ቀረጻው ሲያልቅ ማን ይወስደዋል፣ ማን ያበላዋል። አንዱ አንብቦ «ይሄ ደግሞ ምን ቀልድ ነው?» ብሎኛል።

አሁን በአዲስ አበባ የውጭ ዝርያ ቡችላ በየመንገዱ ዳር በካርቶን ይሸጣል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ልጆቻችሁ ፊልም አይተው ውሻ ካሏችሁ፣ ሻጩን እናቱን አሳየኝ በሉት፤ ቡችላው ሲያድግ ምን እንደሚያክል የምታውቁት እሷን ስታዩ ነው። ቤት ውስጥ ይደር ወይስ ግቢ፣ ማን ያበላዋል፣ እናንተ ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ማን ይይዘዋል የሚለውን ቡችላው ሳይመጣ ተነጋገሩበት፤ አባትየውንም ጠይቁት፣ ወንበሩ የእሱ ነውና። ዝርያ ካላስጨነቃችሁ ደግሞ የሰፈር ቡችላ በነጻ ይገኛል፤ ብልህ ነው፣ አየሩንም ለምዶታል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ግን በየዓመቱ አስከትቡት።